የተቀበረው ወሬና ሦስቱ ፔዳሎች

ይድረስ ለወንድሜ ለእድሪስ፣ ጅዳ።

ልጅህ ዲራር ጊታሬን ከድምፅ ማጉያው ነቅሎ፣ ሰው ፊት እያቆመ፣ ድምፅ የሌለው ክር ሲያስመታኝ ከርሟል። አንተም ይህን እያወቅህ ዝም ብለኸኛል። የተበደልኩት ይህ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ሰላምታው ውስጥ ገብቶ እንዳይለዝብብኝ ብዬ ነው።

አሁን ሰላምታውን ተቀበል፤ በደል ሰላምታን አያስቀርም። እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይ? እንቅልፍ ትተኛለህ ወይ? ባለቤትህ ነፊሳ ጉልበቷ እንዴት ሆነ? መሬት ላይ ተቀምጣ መነሣት ቻለች ወይ? ልጆቹስ? የምትሠራበት መጋዘን ሰዎች ደመወዝህን ሳያጓትቱ ይሰጡሃል ወይ? እኔ አላህ ይመስገን በሕይወት አለሁ፤ እበላለሁ፣ እሄዳለሁ፣ ሰው ሳልይዝ እሰግዳለሁ። ስለ ጆሮዬ ኋላ እነግርሃለሁ።

የቤቱንም ወሬ ሳላጎድል እነግርሃለሁ። አባታችን መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ሰከናቡን፣ የወሬ ልውውጡን፣ ከዳር እስከ ዳር ሳያደርስ ውሃ እንኳ እንደማይቀምስ ታስታውሳለህ። ከየት መጣህ፣ ዘንቧል ወይ፣ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከማን ተጣላ ይላል፤ ሲጠየቅም ያንኑ ያህል ይመልሳል። ወሬ ለጠየቀህ ሰው ወሬ መንፈግ ከጉድጓድህ ውሃ እንደ መንፈግ ነው ይለን ነበር። አንተም እኔም ያደግነው በዚህ ነው። ስለዚህ ስማ።

ዘንድሮ የብርዱ ወራት ዝናብ በደህና ዘንቧል። ከድርቁ የተረፉት የኮረብታው ሰዎች የቀረቻቸውን ግመል ይዘው ወደ ባሕሩ ዳር ወርደዋል። ብዙዎቹ ግን የሚያወርዱት ግመል ስለሌላቸው እዚሁ ከእኛ ሰፈር ጀርባ በጆንያና በካርቶን ተጠልለዋል፤ ልጆቻቸው ይስላሉ። የአክስታችንን የሐሊማን ሞት ሰምተሃል። የጓዳዬን ጣሪያ አንድ ቆርቆሮ ነፋስ ወስዶት ገና አልመለስኩትም። ልጄ ሲትና ባሏ ከሞተ ወዲህ እኔው ጋ ናት፤ ለጎረቤት ልብስ ትሰፋለች። ዓይኗ ደህና ነው። ጆሮዋም ደህና ነው፤ ይህን ያዝልኝ።

ወደ ነገሩ ልግባ። አምና የጻፍኩልህን አትረሳውም። ዲራር አንተ የላክህለትን ኦርጋን ወደሚመራው የሠርግ ባንዳችን ካስገባ በኋላ ጊታሬ ከሥሩ የተቀበረ መሰለኝ። ለዚህ መላው በእግር የምትረገጠው ያቺ ኦቨርድራይቭ የምትባል ፔዳል እንደሆነች ከመርከበኞች ሰምቼ ነበርና ፈልግልኝ አልኩህ። ግን ያገኘኸውን እንዳትልክ ብዬ ምን ዓይነት እንደምፈልግ አስረድቼሃለሁ። ሪትም ጊታር የሚመታ ሰው የሚጮህ ድምፅ አይፈልግም። መጮህ የሊድ ጊታሩ ሥራ ነው፤ እሱ አንዷን ክር ይዞ እንደ እልልታ ይጎትታታል። እኔ ሁሉንም ክር ባንዴ ነው የምመታው። ፔዳሏ ከመጠን በላይ ካሻከረችው ክሮቹ እርስ በርሳቸው ተበላልተው ገንፎ ይሆናል። ማሻከሯ ካነሰ ደግሞ ከበሮው ይውጠዋል። የፈለግሁት እንደ ክራር ያለውን የአባታችንን ባሳንኮብ ድምፅ ነበር። ክሩ እየነዘረ ቆዳውን ሲነካካ የሚያወጣት ያቺ ዝዝ የምትል ሻካራ ድምፅ ትዝ ትልህ የለም? ሻካራ ናት፤ ግን እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል። በቀስታ ሲነኩት ጠርቶ፣ በኃይል ሲመቱት ሻክሮ፣ እጅን የሚታዘዝ ነገር ነው የጠየቅሁህ።

አንተም በጎረቤታችን በሐመዳይ እጅ ሦስት ላክህልኝ፤ ቢጫ፣ አረንጓዴና ግራጫ። መርጠህ አንዷን ያዝ፣ ሁለቱን መልስ አልከኝ። በዚያን ቀን ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅህም። በላያቸው የተጻፈውን የፈረንጅ ፊደል ራሴ አነበብኩት። ፊደሉን የተማርኩት ወደብ ላይ ሣጥን ስናወርድ፣ "ይህ ወገን ወደ ላይ"፣ "በጥንቃቄ ይያዝ" ከሚለው ጽሑፍ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ጊታሩንም ማንም አላስተማረኝም።

ፔዳል ግን ብቻህን ሆነህ ጓሮ ውስጥ አይመረጥም። ለብቻው ሲሰማ ደረት የሚሞላ ወፍራም ድምፅ ከቤዝ ጊታሩና ከከበሮው ጋር ሲገባ ጭቃ ነው። ብቻውን ሲሰማ የሳሳ የሚመስለው ደግሞ በባንዱ መሐል ቦታውን ያገኛል። ስለዚህ ሠርግ ላይ ልመርጥ ወሰንኩ። ጓሮ ልሞክር ብልም የምሞክርበት አልነበረኝም። የድሮዋን አምፕሊፋየሬን ዲራር ወስዷት ነበር። "አጎቴ፣ አሁን እኮ ሁሉም ሰው በሚክሰር ነው የሚገባው። ይህቺን አሮጌ ሣጥን ተሸክመን የምንዞረው ለምንድን ነው?" ብሎኝ እሺ አልኩት። ከዚያ ወዲህ የሁላችንም ገመድ ወደ ዲራር ሚክሰር ይገባል፣ ድምፁ በትልልቆቹ ማጉያዎች ወደ ሕዝቡ ይወጣል፤ እኛ የምንቆመው ከማጉያዎቹ በስተኋላ ነው።

ሠርግ በመጣ ቁጥር አንዷን ፔዳል ይዤ ሄድኩ። ቢጫዋን ስሞክር ከበሮ መቺው ጣሂር፣ "አጎቴ ኦሼክ ፔዳል ሲመርጡ ግመል የሚገዙ ይመስላሉ፤ የቀረዎት አፏን ከፍቶ ጥርሷን ማየት ነው" ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። እኔም ግመልና ፔዳል አንድ ናቸው፣ ክፉዋን የምታውቀው ሸክም ስትጭናት ነው አልኩት። ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ ዲራር ዞሬ ቢጫዋ ገንፎ አላደረገችውም ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ እውነትዎን ነው አጎቴ፣ ገንፎ አድርጋዋለች ይለኛል። አረንጓዴዋ አፍንጫዋን የያዘች አትመስልም ወይ እላለሁ፤ ልክ ነው፣ አፍንጫዋን የያዘች ትመስላለች ይላል። ግራጫዋ ላይ ስደርስ ይህቺ የአባቴን ባሳንኮብ ትመስላለች አልኩት፤ የአያቴን ባሳንኮብ ራሱን ነው አለኝ። አሁን ሳስበው ልጅህ አንድም ቀን ከእኔ በፊት ፈርዶ አያውቅም። ያልኩትን ተቀብሎ አንድ ቃል ሳያጎድል ይመልስልኝ ነበር።

ግራጫዋን መረጥኩ፤ ሐሙስ ዕለትም በእሷ ተጫወትኩ። ሲያልቅ ዲራር ትከሻዬን ይዞ የዛሬው ድምፅ ማር ነበር አለኝ። ዓርብ ጠዋት ላጸዳት ብዬ ፔዳሏን ብገለብጣት የባትሪ ድንጋይዋ ቦታ ባዶ ነው። ሲትናን ብጠራት፣ ሬዲዮዋ ዝም ብሎባት ረቡዕ ዕለት እንዳወጣችውና ልትነግረኝ ረስታ እንደቀረች ነገረችኝ። እድሪስ፣ ይህቺ ፔዳል ባትሪ ከሌላት ድምፅ አታሳልፍም፤ ጊታሩን ሰክተህባት ብትመታ፣ ብትቀጠቅጥ፣ እንደ ተደፈነ ቧንቧ ናት። ሐሙስ ማታ ከእኔ እጅ አንዲትም ድምፅ አልወጣችም። ማር የተባለው ይህ ነው።

አንተ እዚያ ሆነህ፣ ታዲያ አንተ ራስህ እንዴት አልሰማህም ትለኝ ይሆናል። እነግርሃለሁ። ሰምቻለሁ ብዬ ነበር። ጣቴ የሚያውቀውን ጆሮዬ ሰማሁ አለኝ። የሙሽራው ወገኖች ሰይፍ ይዘው ሲዘሉ የማዘልላቸው እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የመርከብ ዊንች ሲጮህበት የኖረ ጆሮ ነው፤ አርጅቷል። ያረጀ ነገር አይከሰስም። የልጅህ ምላስ ግን አላረጀም።

ያን ሳምንት ለማንም አልተናገርኩም። በሚቀጥለው ሠርግ፣ ሰላላብ ሰፈር፣ ሲትና የመለሰችልኝን ባትሪ በገዛ እጄ አውጥቼ ቤት ትቻት ሄድኩ። ጊታሬን ሰካሁ፣ ፔዳሏን ረገጥኩ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው መታሁ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ዕቃ ስንሰበስብ ዲራርን ጠራሁትና ግራጫዋ ዛሬስ እንዴት ነበረች አልኩት።

"ዛሬማ አጎቴ፣ ተለይታለች" አለኝ። "ሻካራ ናት፤ ግን እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል።"

የገዛ ቃሌን ነበር የመለሰልኝ። ፔዳሏን ገልብጬ ክዳኗን ከፈትኩና ፊቱ ያዝኩለት። ባዶውን ጉድጓድ አየ፤ እኔን አየ። ጣሂር ከኋላ ሆኖ የከበሮውን ገመድ መጠቅለል ተወና ቀስ ብሎ፣ "ነግሬህ ነበር" አለው። ጣሂርም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሁሉም ያውቁ ነበር።

ዲራር ያኔ ተናገረ፤ ያለውንም ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ።

"ድምፅዎ ዘፋኙን እየዋጠ ነበር፣ አጎቴ። ይቀንሱ ስንልዎት ይጨምራሉ። ቀጭኖቹ ክሮች አይሰሙዎትም መሰለኝ፣ እነሱን ልስማ እያሉ ሁሉንም ያስጮሁታል። ሁለት የሠርግ ቤት 'ሽማግሌውን ትታችሁ ኑ' ብሎናል። እኔ ደግሞ እርስዎን ቤት ትቼ መሄድ አልቻልኩም። እና ነቀልኩት። አብረውን ይቁሙ ብዬ ነው።"

ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩት። ከረመዳን ፍቺ ጀምሮ አለኝ። ፔዳሎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱንም የሞከርኩት በተነቀለ ገመድ ነው። አባትህ ይህን ቢሰማ ምን ይልሃል አልኩት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንተን ከእኔ ወገን ቆጥሬህ ነበር።

"አባቴ ያውቃል" አለ። "ምን ልላክለት ሲለኝ 'ደስ ያለህን ላክለት፣ ለውጥ የለውም' ያልኩት እኔ ነኝ።"

ሦስት ፔዳል ለምን እንደላክህ ያኔ ገባኝ። እንደ ሕፃን መጫወቻ ነው የላክህልኝ፤ አንዱ ሲሰለቸው ሌላውን ያነሣል ብለህ። የወገብህን፣ የነፊሳን ጉልበት፣ የጅዳን ዳቦ ወሬ ስትጽፍልኝ ከርመህ ይህን አንዱን ቀበርከው። ቢነግሩኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር ብለህ ታስባለህ። አዎን፣ እምቢ እል ነበር። እጮህ ነበር፣ ዲራርንም እሰድበው ነበር፤ ምናልባት ባንዱን ትቼ እወጣ ነበር። ያ እምቢታ ግን የእኔ ነበር። እናንተ ቀማችሁኝ።

ጊታሬን ይዤ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ መኪናቸው ከኋላዬ ቀስ እያለ ተከተለኝ፤ አልተሳፈርኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ደንባችን ነው። ዲራር ሸኽ በታይንና ሁለት ሽማግሎች ይዞ ደጄ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ቀን አላናገርኳቸውም። ሸኽ በታይ የዕርቅ ቀን እስኪቆረጥ ድረስ ክፉ ቃል እንዳልናገር ፋታ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት፤ ጠበቅሁትም። በቀኑ ተቀመጥን። ዲራር ያለውን ሁሉ ደገመ፤ ሲጨርስ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም።

ሸኽ በታይ ሁለታችንንም ሰምቶ ፍርዱን ሰጠ። "ኦሼክ፣ የባንድ አለቃ ያሻውን ይሰካል፣ ያሻውን ይነቅላል፤ በዚህ ልጁን አልፈርድበትም" አለኝ። ወደ ዲራር ዞሮ ደግሞ፣ "አጎትህ ወሬ ጠይቆህ የሐሰት ወሬ ሰጥተኸዋል። ጠላት እንኳ መንገድ ላይ ሲጠይቅህ እውነቱን ትነግረዋለህ። ጥፋትህ ይህ ነው" አለው። በግ ወሰነበት። ከበጉ ሌላ ምን ትፈልጋለህ ሲሉኝ አሮጌዋን አምፕሊፋየሬን አልኩ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም። ዲራር ወደ ባንዱ ይመለሱ፣ የገመድዎን ጃክ በዓይንዎ እያዩ እሰካልዎታለሁ፣ ከሁሉም በላይ ድምፅዎን አወጣዋለሁ አለኝ። በይሉኝታ የሚሰካ ጃክ እንደተነቀለ ይቅር አልኩት። ሠርግ ላይ ዳግመኛ አልቆምም። በጉ ታርዶ ሁላችንም ከአንድ ገበታ በላን።

አምፕሊፋየሯን በማግሥቱ ራሱ ተሸክሞ አመጣት። ሦስቱን ፔዳሎች አጠገቧ ደርድሬ ሲትናን አስቀመጥኳትና፣ የምትሰሚውን ንገሪኝ፣ ደስ የሚለኝን አይደለም አልኳት። ቢጫዋን መታሁ፤ ሁሉም ክር አንድ ሆነ አለችኝ። እውነቷን ነበር። ባትሪዋን መልሼ ግራጫዋን መታሁ። ንገሪኝ አልኳት።

"ይህቺ ዓሣ እንደጣሉበት ትኩስ ዘይት ትንጫጫለች፣ አባቴ" አለችኝ። "ጫጫታው ከክሮቹ በላይ ነው። ለእርስዎ አይሰማዎትም?"

ለእኔ አይሰማኝም። ተቆጣኋት፤ ልብስ ሰፊ ስለ ጊታር ምን ያውቃል አልኳት። እሷም ይንገሩኝ አሉኝ፣ ነገርኩዎት ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እስከ ማታ አላናገርኳትም። ማታ ግን ጠራኋትና አረንጓዴዋን መታሁላት። እኔ አፍንጫዋን የያዘች ናት ብዬ የጣልኳት ናት። ሲትና እያንዳንዱን ክር በጣቷ ቆጥራ፣ ይኸው ይህ ይሰማል፣ ይህም ይሰማል፣ በቀስታ ሲመቱት ይጠራል አለችኝ። እኔ አሁንም አፍንጫዋን የያዘች ነው የምትመስለኝ። ቢሆንም አረንጓዴዋን ያዝኳት። አንዲት ሴት እውነቱን ነግራኛለችና ፔዳሌን በእሷ ጆሮ መረጥኩ። ቢጫዋንና ግራጫዋን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሐመዳይ ያደርስልሃል፤ ግራጫዋ ባትሪ የላትም።

አሁን ከግቢዬ ውጭ የሚሰማኝ የለም። ከሰዓት በኋላ ሲትና ስትሰፋ የአባታችንን ምት እመታላታለሁ፤ ድምፄ ሲበዛ መርፌዋን ታነሣለች፣ እቀንሳለሁ። ዲራር በየጁምዓው ይመጣል፤ እጄን ይስማል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል፣ እመልስለታለሁ። እንደ ልጅነቱ ፊቱ ሲፈታልኝ ግን ዳግመኛ አላየሁም።

ነፊሳን ሰላም በልልኝ፤ ጉልበቷን በሞቀ ጨው ታሽ። ትልቋን ልጅህን ሰላም በልልኝ፤ ትንሹ ማንበብ ጀምሯል ብለሃልና ይህን ሰላምታ ራሱ ያንብበው፤ ሌላውን ግን አትስጠው። አብሮህ የሚያድረውን ከሲንካት የመጣውን ሰው፣ ስሙን ባላውቅም፣ ሰላም በልልኝ። ሲትና እጅህን ትስማለች፤ ሬዲዮው ደህና ነው ትላለች። ጣሂርም ሰላም በልልኝ ብሏል፤ አድርሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። በደንባችን ታርቆ የተበላበትን ነገር ዳግመኛ የሚያነሣ ሰው እሱ ራሱ በዳይ ይሆናል። አንተ ግን ከዕርቁ ላይ አልተቀመጥክም፤ ድርሻህንም ሳትሰማ ነገሩ ቢዘጋ ወሬ ቀባሪው እኔ እሆን ነበር። ስለዚህ ሸኽ በታይን ፈቃድ ጠየቅሁት፤ ሐመዳይ የሚሄድበት መርከብ ከሱዋኪን እስኪነሣ ድረስ ለአንተ ብቻ እንድናገር ፈቀደልኝ። መርከቡ ነገ ይነሣል። ከነገ ወዲያ ብትጽፍልኝ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ ሞተውና ስለተወለደው ሁሉ እመልስልሃለሁ። ይቅርታ ብትልም ለምን እንደሆነ አልጠይቅህም። አንተ ራስህ መጥተህ ደጄ ላይ ብትቀመጥ ተነሥቼ እቀበልሃለሁ፣ ሰከናቡንም ከዳር እስከ ዳር አደርስልሃለሁ። ስለዚህ ነገር ግን ከአፌ አንዲት ቃል አትሰማም።

ወንድምህ ኦሼክ

ፖርት ሱዳን፣ ደይም አል ዐረብ
ጀማዱል አኺር 1408 ሂጅራ